ሥራውን ጨርሶ የሚሄድ መጣፊያ

ሥራዬ ከድስት ይጀምራል። የሐር ትል የሠራውን ኮኩን በመቀስ ቆራርጬ፣ ውስጡን አራግፌ፣ ሶዲየም ካርቦኔት በሟሟበት ውኃ 30 ደቂቃ አፈላዋለሁ። ክሩን አጣብቆ የያዘው ሴሪሲን የሚባል ሙጫ ነው፤ ከኮኩኑ ክብደት ሩብ ያህል ይሆናል። ሰውነት የሐር ስፌትን ሲቆጣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው እሱ ነው። ቶሎ ካወጣሁት ሙጫው ይቀራል። ካቆየሁት ደግሞ የምፈልገው የክሩ ፕሮቲን፣ ፋይብሮይን፣ ራሱ ተሰባብሮ ጉልበት ያጣል።

ሐር ለአንጎል ቀዶ ሕክምና እንግዳ አይደለም። ሃርቪ ኩሺንግ ከመቶ ዓመት በፊት የራስን ቁስል በቀጭን የሐር ክር ድርብ በድርብ ይሰፋ ነበር። እኛ ግን ክሩን አሟሙተን ስስ ሽፋን እናወጣለን፤ የሚጣፍበትም አንጎልን የሚጠቀልለው ዱራ ነው። ዱራ በደንብ ካልተዘጋ የአንጎል ፈሳሽ ያፈሳል፤ ማጅራት ገትርም በዚያው መግቢያ ያገኛል። ቀድሞ ከአስከሬን የተወሰደ ዱራ ይጣፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ግን ይህ መጣፊያ ክሮይትስፌልት ያኮብ የተባለውን ገዳይ የአንጎል በሽታ እንደሚያስተላልፍ ታወቀ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ አብዛኞቹም በጃፓን።

የታጠበውን ሐር ሊቲየም ብሮማይድ በሚባል ጨው ሙሙት፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት፣ ለ4 ሰዓት አሟሟዋለሁ። ከዚያ ጨዉ እስኪወጣለት ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ይሰነብታል። መጀመሪያ ሰሞን ይህንን ፈሳሽ እንደ አጥሚት አማሰልኩት፤ በማግስቱ ረግቶ ጠበቀኝ። የሳምንት ልፋት ተደፋ። ፋይብሮይን ሲናጥ ሞለኪውሎቹ ተደራርበው ይቆላለፋሉ። ያከሰረኝ ይኸው መቆላለፍ ግን መሣሪያዬም ነው፤ የደረቀውን ሽፋን በሜታኖል ወይም በውኃ እንፋሎት ካላቆላለፍኩት ውኃ ሲነካው ይሟሟል።

እናም አቆላለፍኩት፤ በጣም አቆላለፍኩት። የማይበጠስ ሽፋን አወጣሁ ብዬ ለአንድ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዳጄ ሰጠሁት። በመርፌ ወጋው፤ ከቀዳዳው ተነስቶ ተተረተረ።

«ጠንካራስ ጠንካራ ነው፤ አይታዘዝም እንጂ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሽፋኑን የምፈትነው አርጥቤና ሰፍቼ፣ ከ20 ሴንቲሜትር የውኃ ዓምድ በታች አድርጌ ነው፤ ተኝቶ ያለ ሰው የአንጎል ፈሳሽ ግፊት እስከዚያ ይደርሳልና። ቢያልፍም ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ዱራው በራሱ ሥጋ ሲሞላ መጣፊያው ቀስ እያለ ቦታውን መልቀቅ አለበት። ከቸኮለ ፈሳሹ ያመልጣል፤ ከዘገየ ባዕድ ሆኖ ይከርማል። ይህንን የምወስነው በአቆላለፉ መጠን ነው፤ በጠበቀ ቁጥር ይቆያል። የኛ ሽፋን ገና ከአይጥ አልፎ ሰው ጋ አልደረሰም።

በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ቀድሞ «ጥንካሬ» ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን የምጽፈው «ቆይታ» ብዬ ነው።