«እኔም በዚያ ነበርሁ» የሚለው ቃል ስለሚመዘንበት መንገድ

የሙዚቃ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደራሲው፣ ስለ ዘፋኙና ስለ ሸክላው ይጽፋሉ፤ ቆሞ ያዳመጠውንና ያጨበጨበውን ሰው ግን እምብዛም አይጠይቁም። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተመልካቾችን ትዝታ መሰብሰብ ተጀምሯል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተሰበሰበው ትዝታ የሚመዘንበት ሚዛን ገና አልተስተካከለም። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ አንዱን ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር፣ ሌላውን ከአዲስ አበባ ወስደን ነገሩን እንመረምራለን።

ጎቲክ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የተነሣ፣ ዜማው የጨለመ፣ የባስ ጊታሩ ድምፅ የጎላ፣ ግጥሙም ሞትንና ብቸኝነትን የሚያዘወትር ነው። ባውሃውስ የተባለው ባንድ በ1979 ያወጣው፣ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚዘልቀው «ቤላ ሉጎሲስ ዴድ» እንደ መነሻው ይቈጠራል። በ1982 በለንደን የተከፈተው ባትኬቭ የተባለ የምሽት ክበብም የወዳጆቹ መሰብሰቢያ ሆነ። እነዚህ ወዳጆች ያለፈውን ሲያወሱ ከዜማው ይልቅ ስለ ጥቁሩ ልብስ፣ ስለ ጨለማውና ስለ ጢሱ ይተርካሉ። በሊድስ ከተማ የተመሠረተው ሲስተርስ ኦቭ መርሲ መድረኩን በጢስ እየሸፈነ ይጫወት ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ያስታወሰው ያየውን ብቻ ሳይሆን ሊያይ ያልቻለውንም ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር አለ። በሰኔ ወር 1976 ሴክስ ፒስቶልስ የተባለው ባንድ በማንቸስተር በአንድ ትንሽ አዳራሽ ሲጫወት የተገኘው ሰው በጥቂት ዐሥሮች የሚቈጠር ነበር። ኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን፣ ለጎቲክ ሮክ መንገድ የጠረገውን ባንድ የመሠረቱት በርናርድ ሳምነርና ፒተር ሁክ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ነበሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን «እኔም በዚያ ነበርሁ» የሚለው ሰው ከአዳራሹ ስፋት በላይ በዛ፤ ዴቪድ ኖላን የተባለ ጸሓፊም ስለዚሁ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ።

ይህን ሰምቶ «ሐሰተኞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሞሪስ ሃልብዋክስ በ1925 ባወጣው መጽሐፉ እንዳስረዳው ግን፣ ሰው የሚያስታውሰው ብቻውን ሳይሆን አባል በሆነበት ማኅበር ክልል ውስጥ ሆኖ ነው። እንግዲህ «ነበርሁ» ባዩ የሚሰጠን ቃል ስለ አንድ ምሽት ደካማ ምስክር ቢሆንም፣ የማን ወገን ሆኖ መቈጠር እንደሚፈልግ ግን ጽኑ ምስክር ነው። የአሰባሳቢዎች ስሕተት እነዚህን ሁለት ምስክርነቶች መደባለቃቸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የሰዓት እላፊ ገደብ ነበር። ለጭፈራ የወጣ ሰው ከተወሰነው ሰዓት በፊት ወደ ቤቱ መግባት፣ አለዚያም በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ማደር ነበረበት። በሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ቃል አልባ ዜማ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ዓመቱም ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ነው። ዛሬ በውጭ አገር ሳይቀር ያ ዜማ በደስታ ይደመጣል፤ ሸክላው ግን በውጭ ስለ ነበረው ሌሊት አንዳች አይነግረንም። ስለዚህ ሊነግረን የሚችለው ተመልካቹ ብቻ ነው።

ተመልካቹ ግን ስለ እነዚያ ሌሊቶች ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ በናፍቆት ይተርካል። ይህን ተረክ እንዳለ ተቀብሎ «ወርቃማ ዘመን» ብሎ የሚጽፍ ሰው በደጅ የወደቁትን ይረሳል። ተረኩን ንቆ የሚጥለውም ሰዎች በፍርሃት መካከል ወጣትነታቸውን እንደ ኖሩ ይክዳል። ሁለቱም ያልተመለከቱት አንድ ነገር አለ። ትዝታ በእኛ ዘንድ የኅሊና ሥራ ብቻ ሳይሆን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቈጠር የቅኝት ስም ነው። በዚህ ቅኝት ያደገ ሰው ያለፈውን ሲያወሳ፣ የራቀው ሁሉ ተወዳጅ የሚሆንበትን መልክ ከዘፈኑ ይዋሳል። እንግሊዛዊው የጎቲክ ወዳጅ ትዝታውን በጢስ እንደሚያጨልመው ሁሉ፣ የእኛም ሰው በናፍቆት ያጣፍጠዋል። እንግዲህ ተመራማሪው አስቀድሞ የትረካውን መልክ ሊለይ፣ ከዚያ በኋላ ፍሬ ነገሩን ሊፈልግ ይገባዋል።

ለዚህም «ሙዚቃው እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ተጠያቂው ቅኝቱን ይዞ ይመልስልናልና። ይልቁንስ የት ቆመህ ነበር? ወደ ቤትህ እንዴት ተመለስህ? ከዚያ ቀደም ይመጣ ከነበረው ሰው መካከል መምጣት ያቆመ ማን ነበር? ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ናፍቆቱን ሳያፈርስ በስተጀርባው ያለውን ባዶ ቦታ ያሳየናል።

ይህ ሥርዐት ለከተማ ባንድ ብቻ የተበጀ አይደለም። ጃክ ስታውደር እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ማጃንግ ሕዝብ መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አንድ ተማሪ በጋምቤላ ክልል ወደምትገኘው የማጃንግ ዞን ከተማ ወደ መቲ ወርዶ አንድን ሽማግሌ ስለ ልጅነታቸው ጭፈራ ቢጠይቅ፣ በዚያም ትረካው የራሱ መልክ ይኖረዋል፤ መልኩም የአዲስ አበባው ትዝታ ሊሆን አይገባውም። ተማሪው ከመሐል አገር ይዞት የሄደውን ናፍቆት በሽማግሌው አፍ ካኖረ፣ የሰበሰበው የራሱን ዘፈን ነው። ስለዚህ መቅጃውን ከመክፈቱ አስቀድሞ በዚያ አገር ያለፈው ነገር በምን ዐይነት ቃልና ዜማ እንደሚወሳ ይማር። ከዚያ በኋላ «እኔም በዚያ ነበርሁ» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ የትኛው ምስክርነት እንደ ተሰጠው ለመለየት ይችላል።