የማስታቀፍ ሙያ

እንቁላል ማስታቀፍ ብዙ ሰው የዶሮዋ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ባለሙያ ሴት ስታስታቅፍ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያየ ግን ስንቱ ነገር በሰው እጅ እንደሚያልፍ ያውቃል።

ጎረቤታችን እማማ ዶሮዋ የጣለችውን በዕለቱ ያነሱና ቀኑን በከሰል ጭረት ምልክት አድርገው ጤፍ ውስጥ ይቀብሩታል። ጤፉ ቀዝቃዛ ነው፤ እንቁላሉም አይጋጭበትም። ፅንሱ ከ20 ዲግሪ በታች እስከቆየ ድረስ እንደተኛ ነው፤ አያድግም። በተለያየ ቀን የተጣሉት ሁሉ አንድ ላይ ከታቀፉ በኋላ በአንድ ቀን ግድም የሚፈለፈሉት ለዚህ ነው። ሳምንት ያለፈው ግን አቅሙ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ጭረቱ የቆየው ወደ መጥበሻ ይሄዳል።

ምርጫ ላይ ዓይናቸው ጨካኝ ነው። ከልክ በላይ የሞለለ፣ የተድቦለቦለ፣ ቅርፊቱ የሻከረ ይወድቃል። ኩስ የነካውን አያጥቡትም፤ ያስቀሩታል እንጂ። ቅርፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ልባስ በውሃ ከተነሳ ጀርም ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ሁለት ሁለቱን ይዘው ቀስ አድርገው ያጋጫሉ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ይታፈናል። እኔ ልዩነቱን ለመለየት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ፤ እሳቸው ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም።

ጎጆው ከወገቡ የተሰበረ እንስራ ነው። ከታች ለቅንቅን አመድ፣ ከላይ የጤፍ ጭድ። ጭዱን በጡጫቸው እየጫኑ ያጎደጉዱታል። ከጠለቀ እንቁላሎቹ ይደራረባሉ፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ዳር ዳሩን ይበርደዋል። ዶሮዋን የሚያስገቧት ሲመሽ ነው፤ ጨለማ ያረጋጋታል። እንቁላሉን መዳፋቸው ውስጥ ደብቀው፣ የእጃቸውን ጀርባ ወደ መንቁሯ አዙረው ከደረቷ ስር ያስገባሉ። ብትነቁር የምትነቁረው እጃቸውን ነው።

በሰባተኛው ቀን ገደማ እያንዳንዱን ያያሉ፤ ድሮ በፀሐይ፣ ዛሬ የተበሳ ካርቶን ከስልክ መብራት ላይ ደፍተው። ፅንስ ያለበት እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታዩበታል። ወለል ብሎ የሚያበራው ከጎጆው ይወጣል።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ጎጆውን አይነኩም። በ21ኛው ቀን ግድም ጫጩቱ መጀመሪያ በወፍራሙ ጫፍ ያለውን የአየር ኪስ ይበሳና ይተነፍሳል፤ ጩኸቱም ከቅርፊቱ ውስጥ ይሰማል። ቅርፊቱን ከሰነጠቀ በኋላ ደግሞ ለሰዓታት ፀጥ ይላል። ችኩል ሰው በጥፍሩ ሊረዳው የሚነሳው ይህን ጊዜ ነው። ከቅርፊቱ ስር ባለው ስስ ሽፋን ያሉት የደም ሥሮች ገና አልደረቁም፤ አስኳሉም ወደ ሆዱ ተስቦ አላለቀም። ከተላጠ ይደማል። «ተወው ልጄ፣ ሲበቃው ይወጣል» ይላሉ እማማ። ከሙያቸው ሁሉ እኔን የሚያስቀናኝ ይህ እጅን መሰብሰብ ነው።

እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት እንቁላል ጣይ ዝርያዎች የማቀፍ ጠባያቸው በእርባታ ስለጠፋ፣ የሐበሻ ዶሮ የሌላውንም ታቅፋለች። ዝይ ያለው ሰው እንኳ እንቁላሉን ይዞ እማማ ዘንድ ይመጣል። እዚህ ላይ ሥራው ይከብዳል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ነው፤ የዝይው ብዙ ጊዜ ከ140 ያልፋል። አራት ወይም አምስት ከታቀፈች ይበቃታል፤ መገልበጥ ግን አቅሟ አይፈቅድም። ፅንሱ ከሽፋኑ ጋር እንዳይጣበቅ ጠዋትና ማታ በእጅ ማዞር ግድ ነው፤ የከሰሉ ጭረት ጠዋት ከላይ ከሆነ ማታ ከታች ይሆናል። ከራሷ ጫጩቶች ጊዜ አልፋ እስከ 30 ቀን ገደማ ስለምትቀመጥ፣ ጥሬና ውሃው ጎጆዋ አፍ ድረስ ይቀርብላታል። በራሷ አልነሳም ካለችም እማማ በቀን አንዴ አንስተው ያወጧታል።