«ስካውቲንግ ለወንዶች ልጆች» የተባለው መጽሐፍና የልጃገረዶች ጥያቄ

እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓወል በ1908 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) «ስካውቲንግ ለወንዶች ልጆች» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ብዙ ተመስግኗል፤ የሚገባውም ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ለወንዶች ልጆች» የሚለው ቃል ከመጽሐፉ ፍሬ ነገር የመነጨ ነው ወይስ በአርእስቱ ላይ ብቻ የተለጠፈ?

መጽሐፉ የሚያስተምረው ዱካ መከተልን፥ ገመድ መቋጠርን፥ እሳት ማንደድን፥ በድንኳን ማደርንና የሰው ሕይወት ማዳንን ነው። ከነዚህ ውስጥ ለሴት ልጅ እጅ እንቢ የሚል አንድም የለም። ሴት ግን በአምስተኛው የስካውት ሕግ ከሕፃናት፥ ከሽማግሌዎችና ከሕመምተኞች ጋር ተቆጥራ ልዩ ትሕትና እንዲደረግላት ታዝዟል። ትሕትናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ እርዳታ የሚደረግላት ሰው ሌላውን መርዳት መቼ ትማራለች?

ጥያቄውን አስቀድመው ያነሡት ልጃገረዶቹ ራሳቸው ናቸው። በ1909 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው የስካውቶች ታላቅ ስብሰባ ሳይጠሩ መጥተው ተገኙ። የተሰጣቸውም መልስ በ1910 «ገርል ጋይድስ» የተባለ ማኅበር ለብቻቸው ማቋቋም ሆነ፤ የጄኔራሉ እኅት አግነስ ቤደን ፓወልም መሪው ሆኑ።

ሆኖም ለብቻ መሆን ጉዳት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የተቃዋሚዎች ብርቱ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። ልጃገረዶች በራሳቸው ማኅበር አለቃውም፥ ገንዘብ ያዡም፥ መንገድ መሪውም እነርሱው ናቸው፤ ሲቀላቀሉ ግን ሥልጣኑ ለወንድ፥ ማብሰሉ ለሴት እንዳይሆን ያሰጋል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» በሚባልበት አገር ያደገ ሰው ይህን ስጋት አይንቀውም።

የአሜሪካ ታሪክ ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ ነው። ጁልየት ጎርደን ሎው በ1912 ያቋቋሙት የልጃገረዶች ማኅበር «ስካውት» የሚለውን ስም ሲይዝ፥ የወንዶቹ ማኅበር ዋና ሹም ጄምስ ዌስት አጥብቀው ተቃወሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የወንዶቹ ማኅበር በ2018 በታናናሾቹ፥ በ2019 በታላላቆቹ ክፍል ልጃገረዶችን ተቀበለ፤ አሁን ደግሞ የልጃገረዶቹ ማኅበር በስሙ ምክንያት በ2018 ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2022 ክሱን አልተቀበለውም። ያኔም በ2018ም ብዙ ጉልበት የፈሰሰው በስም ላይ ነው።

ከስሙ ክርክር ይልቅ የሚያስተምረን ሥራው ነው። በ1919 ሳይሆን በ2019 የገቡት ልጃገረዶች የየራሳቸው ቡድንና የራሳቸው አለቆች ነበሯቸው፤ ፈተናው ግን ከወንዶቹ ጋር አንድ ነበር። በ2021 ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉት ከፍተኛውን የ«ኢግል ስካውት» ማዕርግ አገኙ። እንግዲህ ቃሉ በአርእስቱ ላይ የተለጠፈ ኖሯል።

ስለዚህ በበኩሌ በሩ ይከፈት እላለሁ፤ ልጃገረዶች ራሳቸው የሠሩት ቤት ግን ስለዚህ አይዘጋ። የመከፈቱም እውነተኛ መለኪያ ስንት ልጃገረዶች ተመዘገቡ ሳይሆን፥ ጉዞ ሲጀመር ካርታውን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው።