ሁሉም አሞራ አንድ ነው እንዴ? ስለ አንድ የወፍ መለያ መጽሐፍ

እስቲ ቀና በሉ። አንድ ትልቅ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ሰማዩ ላይ ይዞራል። «ምንድን ነው?» ብንባል አብዛኞቻችን «አሞራ ነዋ!» ብለን እናልፋለን። ጥሩ የወፍ መለያ መጽሐፍ ግን ቀጥሎ «የትኛው አሞራ?» ብሎ ይጠይቀናል።

ዛሬ የምናየው በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመውን «የአፍሪካ ቀንድ አእዋፍ» ነው። ናይጀል ሬድማን፣ ቴሪ ስቲቨንሰንና ጆን ፋንሾ ጻፉት፤ ሥዕሎቹን ጆን ጌልና ብራያን ስሞል ሣሏቸው። የኢትዮጵያንና የጎረቤቶቿን ከ1000 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይዟል።

ስልካችን ውስጥ ፎቶ ሞልቶ፣ በእጅ የተሣለ ወፍ ምን ያደርግልናል? ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ የሚያሳየው አንድን ወፍ በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ብርሃን ነው። ሠዓሊ ግን ብዙ ወፎች አይቶ የሚጋሩትን መልክ ይመርጣል፤ ተመሳሳዮቹንም ጎን ለጎን ያሰልፍልናል። አሜሪካዊው ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ታዋቂ ያደረገው መንገድም ይኸው ነው፦ ሁሉን ከመዘርዘር፣ ከሩቅ የሚለየውን ምልክት ማሳየት።

ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች አጥንት ከከፍታ ወደ ድንጋይ ጥሎ የሚሰብር ትልቅ አሞራ አለ። ሆዱ ብርቱካናማ የሚሆነው ብረት ያለበት አፈር ሲቀባ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ነጣ ያለ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን ብቻ ካያችሁ ትሸወዳላችሁ። ሥዕሉ ግን ጭራውን ያሳያችኋል፤ ረጅም፣ ወደ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። ከእጅ ሥጋ የሚነጥቀው የከተማችን ጭልፊት ጭራ ደግሞ መሐሉ ገባ ብሎ ሹካ ይመስላል። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ ሰማዩ ላይ ያለው ሁሉ «አሞራ» መሆኑ ያበቃል።

መጽሐፉ የሚቸገረው ሲስቲኮላ የሚባሉት ትንንሽ ቡናማ ወፎች ጋ ሲደርስ ነው። ሥዕሎቹን ደጋግማችሁ ብታዩም መንታ ይመስሏችኋል። የእንግሊዝኛ ስማቸው ራሱ ነገሩን ያጋልጣል፦ አንዱ «ዘማሪ»፣ አንዱ «የሚንቋቋ»፣ አንዱ እንደ እንቁራሪት የሚጮህ። የሚለዩት በድምፅ ነው፤ ወረቀት ደግሞ አይዘምርም። ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ማስረዳትም ለእኛ ጆሮ ብዙ አይረዳም።

ከዚህ የሚከብደው ጉድለት ግን የስም ነው። ቆቅን ከጅግራ፣ ዋኔን ከእርግብ አሳምሮ የሚለይ እረኛ ይህን መጽሐፍ ቢገልጥ ወፎቹን ያውቃቸዋል፤ ስማቸውን ግን በእንግሊዝኛና በሳይንሳዊ መጠሪያ ነው የሚያገኘው። እውቀቱ እሱ ጋ አለ፤ ገጹ ላይ የለም። እኛም ስሙን ካልጠየቅነው፣ ነገ «አሞራ» ብቻ ይቀርልናል።

እና መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይ? አዎ፣ በጣም። ካገኛችሁት ተዋሱት፤ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ያዙ። አያቶቻችሁን፣ ገበሬውን፣ እረኛውን ጠይቁና ስሙን ከሥዕሉ ጎን ጻፉት። የጎደለውን ገጽ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።