ሞንካዳ፦ ከኮረብታ ስም ወደ ሰው ስም

በአብዮቱ ዘመን ያደገ አንባቢ ሞንካዳ ሲባል ከኩባ ጋር ሳያያይዘው አይቀርም፤ ፊደል ካስትሮና ጓዶቹ በ1953 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሳንቲያጎ ላይ ያጠቁት የጦር ሰፈር ስም ነውና። የስሙ መነሻ ግን ካታሎንያ ውስጥ፣ ከባርሴሎና ሰሜን በቤሶስ ወንዝ ዳር ያለ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ዛሬ ለሲሚንቶ ተቆፍሮ ተቆፍሮ ጎድሏል።

ካታላኖች ‹ሞንትካዳ› ብለው ይጽፉታል፤ በባርሴሎና አንደበት ግን ‹ት› አይሰማም፣ ‹ሞ›ም ወደ ‹ሙ› ይጠጋል። ካስቲልያኖች የማይሰማውን ፊደል ጣሉት። የመጀመሪያው ክፍል ተራራ ማለት መሆኑ አያከራክርም። የመካከለኛው ዘመን የላቲን ጸሐፊዎች ‹ሞንቴካቴኖ› እያሉ ሁለተኛውን ክፍል ሰንሰለት ወደሚል ፍቺ ጎትተውታል። ለእኔ ይህ የስሙን ምንጭ ሳይሆን የጸሐፊውን ልማድ ያሳያል፤ ያልገባውን ድምፅ በሚያውቀው ቃል አለበሰው።

ስሙን ያገነኑት የኮረብታው ጌቶች ናቸው። ጊየም ደ ሞንትካዳ በ1229 ማዮርካን ለመያዝ በተደረገው ዘመቻ ወደቀ፤ ኤሊሴንዳ በ1322 የአራጎንን ንጉሥ አግብታ ነገሠች፣ የፔድራልበስንም ገዳም መሠረተች። ሌላው ቅርንጫፍ ከአራጎን ዘውድ ጋር ወደ ሲሲሊ ተሻግሮ የፓተርኖ መሳፍንት ሆነ። በእነዚህ ሰዎች ስም ውስጥ ‹ደ› ርስት ማለት ነው። ከእኛው ‹ዘ› ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል፦ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ‹ዘ› ከመነኩሴው ጋር ይቀራል፣ የካታላኑ ‹ደ› ግን ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ከተላለፈ በኋላ ደግሞ ወራሹ ቦታውን አይቶት ባያውቅም ግድ የለም።

የተራው ሰው መንገድ ሌላ ነው። ሞንትካዳ ውስጥ እየኖረ ‹የሞንትካዳው› የሚባል ሰው የለም፤ ይህ መጠሪያ ሰውን ከሰው የሚለየው ከቦታው ሲወጣ ነው። ስለዚህ ጌታው ስሙን ያገኘው በመያዝ፣ ገበሬው ግን በመልቀቅ ነው። ቫሌንሲያ አጠገብም ሌላ ሞንካዳ አለ። የቤተሰብ አርማ የሚሸጡ የዘር ቆጣሪዎች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቀው ለእያንዳንዱ ሞንካዳ አንድ ዓይነት ጋሻ ያድላሉ፤ ይህ ምርምር ሳይሆን ንግድ ነው።

ኩባ ላይ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። በባርነት የተያዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የጌታቸውን ስም ይይዙ ነበር፤ እዚያ ስም ሥጋን ሳይሆን ንብረትነትን ይመሰክራል። ጥቁሩ አናጺ ጊየርሞ ሞንካዳ መጠሪያውን ያገኘው ከእናቱ ነው። በስፔን ላይ በተነሱት ጦርነቶች ተዋግቶ ጄኔራል ሆነ፤ በ1895 ሞተ። በስፔን ንግሥት መርሴዴስ ስም ይጠራ የነበረው የሳንቲያጎ ሰፈር የእሱን ስም የያዘው ከዚያ በኋላ ነው።