የማን ታሪክ፣ በማን ስም? የ96ኛው ኦስካር የዓለም አቀፍ ፊልም እጩዎች ሲዳሰሱ

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. የ96ኛው የኦስካር ሽልማት እጩዎች ሲገለጹ ብዙው ክርክር «ባርቢ» ላይ አረፈ። ፊልሙ ለምርጥ ፊልምነት ታጭቶ ሳለ ግሬታ ገርዊግ በዳይሬክተርነት፣ ማርጎ ሮቢ በመሪ ተዋናይነት መዘለላቸው ብዙዎችን አስቆጣ። ቅሬታው ተገቢ ነው። የዓመቱን ከባድ ጥያቄ ያነሳው ግን፣ በእኔ እይታ፣ ያን ያህል ያላከራከረው የዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ነው።

በወቅቱ በነበረው የዘርፉ ደንብ አንድ ሀገር የሚያቀርበው አንድ ፊልም ብቻ ሲሆን አብዛኛው ንግግሩም ከእንግሊዝኛ ውጪ መሆን ነበረበት። እጩነቱም የሚመዘገበው በሀገሩ ስም ነበር። በዚያ ዓመት ከታጩት አምስት ፊልሞች ውስጥ ሀገር፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ዳይሬክተር የገጠሙት በጀርመኑ «ዘ ቲቸርስ ላውንጅ» ብቻ ነበር። ጃፓንን የወከለው «ፐርፌክት ዴይስ» የጀርመናዊው የቪም ቬንደርስ ሥራ ነው። ስፔን ያቀረበችው «ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው» በ1972 እ.ኤ.አ. አንዲስ ተራሮች ላይ የወደቀውን የኡራጓይ አውሮፕላን ታሪክ ይተርካል። የብሪታንያው «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» በአውሽቪትስ አጥር ሥር ተቀምጦ ጀርመንኛ ያወራል። የጣሊያኑ «ኢዮ ካፒታኖ» ደግሞ ከዳካር ተነስቶ በኒጀርና በሊቢያ አድርጎ ባሕር የሚገባውን የሁለት ሴኔጋላውያን ወጣቶች መንገድ በዎሎፍ ይናገራል።

የማቴዮ ጋሮኔ «ኢዮ ካፒታኖ» እጩነቱ የሚገባው ፊልም ነው። ሰይዱ ሳር ለትወና እንግዳ ሆኖ ሳለ ፊቱ ብቻ ብዙ ይናገራል። በሰሃራ አሸዋ ላይ አቅሟ ያለቀውን ሴት በሐሳቡ ከምድር አንስቶ በአየር ሲያንሳፍፋት የሚታይበት ትዕይንት፣ ሐዘንን ያለ አንድ ቃል ያደርሳል። የሊቢያን መንገድ በዘመድ ወይም በጎረቤት ታሪክ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ሩቅ ሀገር አይደለም። ሆኖም ፊልሙ የሚቋጨው የጣሊያን ሄሊኮፕተር ከላይ ሲያንዣብብና ልጁ «ካፒቴኑ እኔ ነኝ» ብሎ ሲጮህ ነው። በእውኑ ዓለም እንዲህ ጀልባ የመሩ ስደተኞች በጣሊያን ፍርድ ቤቶች በሰው አዘዋዋሪነት ሲከሰሱ ኖረዋል። በጣሊያን ስም የታጨው ፊልም ጣሊያን ራሷ ልትጠየቅበት ከሚገባው ደጃፍ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ከአምስቱ በፊት በወጣው የ15 ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ሁለት የአፍሪካ ሀገራት ነበሩ፤ ሞሮኮና ቱኒዚያ። ሁለቱም ተቀነሱ። ቱኒዚያ ያቀረበችው የካውሰር ቤን ሀኒያ «አራቱ ሴት ልጆች» መቅረቱን አልቀበለውም። ሁለት ልጆቿ ጽንፈኛ ታጣቂዎችን የተቀላቀሉባት ቱኒዚያዊት እናት ከቀሩት ሁለት ልጆቿ ጋር በካሜራ ፊት ትቀመጣለች፤ የሄዱትን ሁለቱን ተዋንያን ይተካሉ። እናትየዋ ልጆቿን በፍርሃት ስታሳድግ የእናቷን ጭካኔ እንደደገመች እያወራች ራሷ ትደርስበታለች። የአንዲስን መከራ በጥሩ እጅ ግን በለመድነው መንገድ በሚተርከው «ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው» ቦታ ይህን ባስቀምጥ ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር። ፊልሙ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ መታጨቱ ደግሞ መመዘኛውን ማለፍ አቅቶት እንዳልቀረ ያሳያል።

«ታዲያ አፍሪካን የሚሠራት አፍሪካዊ ብቻ ይሁን ትላለህ?» የሚል ቢኖር መልሴ አይደለም ነው። ታሪኩም ይህን አይደግፍም። በዚህ ዘርፍ በአፍሪካ ሀገር ስም ካሸነፉት ውስጥ የአልጄሪያው «ዜድ» የኮስታ ጋቭራስ፣ የአይቮሪ ኮስቱ «ብላክ ኤንድ ዋይት ኢን ከለር» የዣን ዣክ አኖ ሥራዎች ናቸው። ኢትዮጵያም «አትሌቱ»ን፣ «ድፍረት»ንና «ላምብ»ን ከላከች በኋላ ጀርመናዊ ያዘጋጀውን «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ»ን ልካለች፤ ከነዚህ አንዳቸውም አልታጩም። ቅሬታዬ ከዳይሬክተር የትውልድ ሐረግ ጋር አይደለም። ሰንደቅ ዓላማው ቋንቋን፣ ታሪክን ወይም ባለሙያን ካልወከለ የሚወክለው ምንድን ነው? በአብዛኛው የሚወክለው የፊልሙን ወጪ የሸፈነውንና በሎስ አንጀለስ ለመራጮች ማስተዋወቅ የቻለውን ነው።

ስለዚህ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የሀገር ኮሚቴዎችን ምርጫ እንዳለ ይዞ፣ ፊልሞች በራሳቸው የሚቀርቡበት ሁለተኛ በር ቢከፍት ይበጅ ነበር። ፈረንሳይ ሌላ ፊልም በመላኳ ከዚህ ዘርፍ ውጪ የሆነው የዡስቲን ትሪዬ «አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል» በዚያው ዓመት ለምርጥ ፊልምነት መታጨቱ የአንድ ኮሚቴ ሚዛን ምን ያህል እንደሚያጎድል ይመሰክራል። ትሪዬ ሌላ በር አገኘች፤ ቤን ሀኒያም እንዲሁ። ብዙ የአፍሪካ ፊልሞች ግን የነበራቸው በር አንድ ነበር፤ ቁልፉም በእጃቸው አልነበረም።