የሙታን ደጅ ውሻ በሦስት ባለቅኔዎች

ስለ ግሪኮች ተረት ሲነገር፥ ሰርቤሩስ የተባለው ባለሦስት ራስ ውሻ የሙታንን አገር ደጅ ይጠብቃል ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን «ይጠብቃል» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሚከለክለው የሚገባውን ነው ወይስ የሚወጣውን? ባለቅኔዎቹ ለዚህ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም፤ የሥራቸውም ብርታትና ድካም በዚሁ የሚታይ ይመስለኛል።

ሆሜር የውሻውን ስም እንኳ አይጠራም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ የነበረው ሔስዮድ ግን በ«ቴኦጎኒያ» ራሶቹን 50 አድርጎ ጠባዩንም ይገልጽልናል። የሚገባውን ጅራቱን እየቆላ ጆሮዎቹንም እየጣለ ይቀበለዋል፤ ሊወጣ የሞከረውን ግን አድፍጦ ይበላዋል። እኔን ከ50ው ራስ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ጅራት ነው። ሞት ለመግባት የማያስቸግር፥ ለመውጣት ግን የማይቻል መሆኑን ያለ አንዳች ስብከት ያሳያል። በዘፍጥረት 3፥24 የተጻፉት ኪሩቤል ሥራቸው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እነርሱ የሚከለክሉት ወደ ሕይወት ዛፍ የሚገባውን ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት የሞተው ቪርጂል፥ በ«ኤኔይድ» 6ኛ መጽሐፍ የውሻውን ፊት ወደ ውጭ አዞረው። ኤኔያስ በሕይወቱ ሳለ ሲመጣ ውሻው ይቆጣል፤ መሪው ነቢይት ሲቢላም በማርና በሚያስተኛ መድኃኒት የተለወሰ እንጐቻ ትወረውርለታለች፤ እርሱም ውጦ ዋሻውን ሞልቶ ይተኛል። ሥዕሉ ያምራል፤ ደጅ የጠና ሰውም በር ጠባቂ በመማለጃ እንዴት እንደሚለዝብ ስለሚያውቅ ፈገግ ይላል። ሆኖም በአንድ እንጐቻ የሚተኛ ዘበኛ የደጁን ክብደት ያቃልለዋል። ቪርጂል ግን ነገሩን አልዘነጋውም፤ መውረዱ ቀላል፥ መመለሱ ግን ከባድ ድካም መሆኑን አስቀድማ የምትናገር ያችው ሲቢላ ናት። ሔስዮድ በጅራት ያሳየውን ቪርጂል በቃል አስነገረው ማለት ነው። በበኩሌ ጅራቱን እመርጣለሁ።

በ1321 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር) የሞተው ዳንቴ ደግሞ ውሻውን ከደጁ አንሥቶ፥ በሲኦል ሦስተኛ ክበብ ሆዳሞችን የሚቦጫጭቅ ቀጪ አደረገው። እንጐቻውም ቀርቶ ጭብጥ አፈር ይጣልለታል፤ ለሆዳሞች ጠባቂ የሚገባ ምግብ ነው። የሚገርመው ግን፥ በዳንቴ ሲኦል የውጭው በር መቀርቀሪያ የለውም፤ የሚገባውን የሚከለክል ዘበኛም አልቆመበትም። የሔስዮድን አሳብ ከቪርጂል ይልቅ ዳንቴ ወርሶታል የምለው ስለዚህ ነው፤ ውሻው ባይኖርም የመግቢያው ቅለት እንዳለ ቀርቷል።